ችሎት ፊት የሚቆመው ማን ነው? ወንጀልን ለሚያስተምሩ መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ለሶሲዮሎጂና ለማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍሎች፣ ለፖሊስ ማሠልጠኛ ተቋማትም፤

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

እኔ የወንጀል ጉዳይ ይዤ ችሎት የምመላለስ ጠበቃ ነኝ። ሕግ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ለዚህም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ጉዳይ ስለሚከነክነኝ ነው። ወንጀል ምን እንደሆነ በደንብ ታስተምራላችሁ። ማን ተይዞ ችሎት ፊት እንደሚቆም፣ ማን ደግሞ የባሰ ጉዳት አድርሶም እንደማይቆም ግን ከትምህርታችን ውስጥ የለም። ይህን ሳይማር የወጣ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ በየቀኑ በሰው ሕይወት ላይ ይወስናል። ስለዚህ ጥያቄዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሒሳዊ ክሪሚኖሎጂን፣ ማለትም ወንጀለኛውን ብቻ ሳይሆን ሕጉንና ሕግ አስከባሪውንም የሚጠይቀውን የወንጀል ጥናት፣ ወደ ክፍላችሁ አስገቡ። በራሳችን አገር መዝገብ አስተምሩት። ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋም ጻፉት።

ሒሳዊ ክሪሚኖሎጂ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ የተሰባሰቡ ወጣት ተመራማሪዎች በመንግሥት የተቃኘው የወንጀል ጥናት ሰልችቷቸው ጥያቄውን ገለበጡት። "ይህ ሰው ለምን ሰረቀ?" ከማለት በፊት "ሕጉን ማን አወጣው? ማንን ይጠብቃል? ፖሊስ የት ሰፈር ይበዛል? ማንስ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። መልሳቸው ግን ብዙ ሰው ያስቀይማል።

የወንጀል ሕጉን ቁጥር 23 የማያስታውስ የሕግ ተማሪ የለም። ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገር፤ ማለትም ሕጉ መከልከሉ፣ ድርጊቱ መፈጸሙ፣ የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት። ሦስቱ ከተሟሉ ወንጀል አለ፤ አንዱ ከጎደለ የለም። እንቅልፍ አጥተን ሸምድደነዋል። ከዚያ ሙከራ፣ ግብረ አበርነት፣ ተደራራቢ ወንጀል፣ ይርጋ እያልን እንቀጥላለን። ጠቃሚ ነው፤ እንጀራዬንም የምበላው በእሱ ነው። ክሪሚኖሎጂ ግን እኔ ስማር ዳር ላይ የተቀመጠ ኮርስ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ሎምብሮሶ የእስረኞችን የራስ ቅል እንደለካ ተማርን። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ዱርካይም ምን እንዳለ ጻፍን። ፈተናውን አለፍን። ስለ መርካቶ፣ ስለ አውቶቡስ ተራ፣ ስለ ቃሊቲ ግን አንድ ገጽ አላነበብንም። አሁን ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። ተማሪው የሚያነበው ለፈተና የሚመጣውን ነው፤ መምህሩም ይህን ያውቃል። ተማሪን አልወቅስም። ፈተናውን ግን የምታወጡት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ችሎት ልውሰዳችሁ።

ማለዳ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚው ሞልቷል። ከተከሳሾቹ አንዱ 19 ወይም 20 ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ጫማው አንዱ ክር የለውም። ማረፊያ ቤት ሲገባ ክር ያስፈቱታል፤ ሌላኛው ላይ ያለውን ከየት እንዳመጣው እንጃ። የተከሰሰው ከታክሲ ወራጅ ላይ ስልክ መንትፈሃል ተብሎ ነው። ከገጠር የመጣ፣ ቀን ጭነት እያወረደ ማታ ተከራይቶ የሚያድር ልጅ ነው። ዋስትናው ተፈቅዶለታል፤ 3,000 ብር። ሕጉ መብቱን ጠብቆለታል ማለት ነው። ነገር ግን 3,000 ብር የለውም። ዋስ የሚሆንለት ደመወዝተኛም አያውቅም። መታወቂያው የትውልድ ቀበሌው ነው። ስለዚህ የዋስ መብቱ በወረቀት ላይ ተከብሮ እሱ ማረፊያ ቤት ውስጥ ሰነበተ።

ተከላካይ ጠበቃው ያገኘው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ጠበቃው መጥፎ ሰው አይደለም። ክንዱ ላይ የታቀፈው የመዝገብ ክምር ብቻ ይበቃል ለማስረዳት። ልጁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ "ካመንኩ መቼ እወጣለሁ?"

ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት! አድርጌያለሁ ወይም አላደረግሁም አላለም። መቼ እወጣለሁ ነው ያለው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 134 መሠረት ተከሳሹ ያለ ማወላወል ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያው የጥፋተኝነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። ማመን ቅጣት ያቀልላል። መካድ ማለት ምስክር እስኪሰማ መጠበቅ ነው፤ ምስክር ደግሞ ይቀራል፣ ቀጠሮ ይለወጣል። ውጪ ሆኖ ለሚከራከር ሰው ቀጠሮ መለወጥ መሰላቸት ነው። ውስጥ ላለው ግን እስራት ነው፤ ገና ጥፋተኛ ሳይባል የሚፈጸም እስራት። ልጁ አመነ። ሰርቆ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። መዝገቡ "አምኗል" ይላል፤ ለስታቲስቲክስም አንድ የተረጋገጠ ሌብነት ሆኖ ይቆጠራል። ነገ አንዱ ተመራማሪ ያንን ቁጥር ወስዶ "ከገጠር የፈለሱ ወጣቶች ለስርቆት ያላቸው ዝንባሌ" ብሎ ይጽፍበታል። እንዲህ ያለ ርዕስ ያለው ጽሑፍ እጄ ላይ ሲገባ ልቤ ይደማል።

ቅጣት ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 88 ዳኛው ቅጣት ሲወስን የጥፋተኛውን የግል ሁኔታና የትምህርት ደረጃ ጭምር እንዲያይ ያዛል። ቁጥር 82 በከባድ የኑሮ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ የፈጸመ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቅጣት አወሳሰን መመሪያም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2006 ተሻሽሏል። ወረቀቱ ላይ ድህነት ይታያል ማለት ነው። ችሎት ላይ ግን የቅጣት ማቅለያ በማስረጃ ነው የሚጠየቀው። በሙስና የተከሰሰው ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ የልማት ተሳትፎ ምስክር ወረቀት፣ የበጎ አድራጎት ደረሰኝ፣ የሆስፒታል ማስረጃ፣ የዕድር የድጋፍ ደብዳቤ፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት አያይዞ ያቀርባል። እኔም ለደንበኞቼ አቅርቤያለሁ፤ መብታቸው ነው። ያ ልጅ ግን ምን ያቅርብ? ድህነቱን የሚያረጋግጥለት መሥሪያ ቤት የለም። ዕድርም የለውም። "ማቅለያ አለህ?" ሲባል "ይቅርታ አድርጉልኝ" ይላል። ይቅርታ ደግሞ በመመሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ ነጥብ የለውም።

ይህ የአንድ ዳኛ ጭካኔ አይደለም። ብዙዎቹ ዳኞች ሲያዩት ያዝናሉ። አሠራሩ ራሱ ወረቀት ያለውን ሰው የሚያቀልል፣ የሌለውን የሚያከብድ ሆኖ ተሠርቷል። ይህን ማሳየት ነው የተመራማሪ ሥራ። ጠበቃ አንድ መዝገብ ያያል፤ እናንተ ግን ሺህ መዝገብ ማየት ትችላላችሁ።

ስለ መዝገብ ካነሳሁ አይቀር፣ ክፍል ውስጥ የምናነበው የመጨረሻው እርከን የሆነውን የሰበር ችሎት ውሳኔ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር የሕግ ትርጉም አስገዳጅ ስለሆነ ቅጾቹ ይታተማሉ፣ ተማሪው ይሸመድዳቸዋል። ሰበር የሚደርሰው ግን ማን ነው? ጠበቃ የያዘ፣ ይግባኝ የተከታተለ፣ ጊዜና ገንዘብ ያለው። የስልክ ሌብነቱ መዝገብ መጀመሪያ ደረጃ ላይ ጠዋት ተከፍቶ እዚያው ይዘጋል። ስለዚህ የአገራችንን የወንጀል ፍትሕ የምናውቀው ከጫፉ ነው። ብዙው ሰው የሚዳኝበት ታችኛው ችሎት በጥናታችን ውስጥ የለም።

ወንጀል ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ ለማስተማር ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በስዊሱ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን አርቃቂነት የተዘጋጀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። ይህ ለአሥርት ዓመታት ሕግ ነበር። ዳኛ አክብሮታል፣ መምህር አስተምሮታል። ከዚያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቋቁመው ተነሱ፤ ጠላፊዋን ለገደለች ልጃገረድ ችሎት ቆመው ተከራከሩ፤ ጥናት ጻፉ፣ ሬዲዮ ላይ ወጡ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሕግ ቁጥር 587 ላይ ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው ተጻፈ። ድርጊቱ ያው ነው። የተለወጠው የማን ጉዳት እንደሚቆጠር ነው። ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት አላውቅም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 384/1996ን አስተምሩ። አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው ነው። የመነሻ መስፈርቱ የመሥራት አቅም እያለው የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው ሰው መሆን ነው። በዚህ የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ዋስትናን መብት ብሎ፣ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ይከለከላል ያለውን ተማሪው ጎን ለጎን አስቀምጦ ያንብበው። ከሰው ገዳይ ጋር በተያያዘ የምናውቀው የዋስትና ክልከላ፣ ሥራ አጥነቱ የጥርጣሬው አንዱ ምሰሶ በሆነ ሰው ላይ ምን ይሠራል? ሥራ የሌለው ወጣት በሞላበት ከተማ ውስጥስ ይህ አዋጅ ለፖሊሱ የሚሰጠው ሥልጣን ምን ያህል ሰፊ ነው?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ዊሊያም ቻምብሊስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 የእንግሊዝን የቦዘኔነት ሕጎች ታሪክ መረመረ። መነሻቸውን በ1349 አገኘው። ወረርሽኙ ሕዝቡን ፈጅቶ የመሬት ጌቶች ጉልበት ያጡበት ጊዜ ነበር። ሕጉ የወጣው ጤነኛ ሰው በርካሽ እንዲሠራ ለማስገደድ እንደሆነ አሳየ። በኋላ ንግድ ሲስፋፋ ያው ሕግ የነጋዴውን ዕቃ ከዘራፊ ለመጠበቅ ተቃኘ። የእኛን አዋጅ ማን ፈለገው? በየትኛው ወቅት ይነቃል? ከተማ ሲጸዳ ነው? እንግዳ ሲመጣ? ይህን የሚመልስ የመመረቂያ ጽሑፍ ባነብ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን ችሎት የማይደርሰው ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው፣ ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቁፋሮው ለቀናት ቀጠለ። አስከሬን ሲወጣ ያየ ሰው አይረሳውም።

ይህን ክፍል ውስጥ አምጡት። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። የሞተው ከአንድ ሰው በላይ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። የታክሲ ሹፌር በዚህ ቁጥር ሲከሰስ በየሳምንቱ አያለሁ። ሰው ከገጨ ዕለቱኑ ይያዛል። የቆሻሻ ክምር እንደ ተራራ እስኪቆለል ድረስ በየዓመቱ ውሳኔ የሚሰጥ ወይም ውሳኔ የሚያዘገይ ግን እጁ የት ነው? ቁጥር 34 ድርጅቶች በወንጀል እንዲቀጡ ይፈቅዳል፤ የመንግሥት አስተዳደር አካላትን ግን ያወጣቸዋል። ተማሪው ይህን ሲያነብ "ለምን?" ብሎ ይጠይቅ። ጥሩ መልስ ሊኖረው ይችላል። መንግሥት ራሱን በገንዘብ ቢቀጣ የሚከፍለው ያው ሕዝብ ነው የሚል ክርክር አለ፤ ክፍል ውስጥ ይሟገቱበት። ሳይጠየቅ መታለፉ ነው ጉዳቱ።

ቆሼ ትልቁ ነው። ትንንሾቹ በየቀኑ አሉ። ከፎቅ የወደቀ የቀን ሠራተኛ። የራስ ቆብ ያልተሰጠው፣ መወጣጫው በሚስማር የተያያዘ እንጨት የሆነ። ቤተሰቡ የመቅበሪያ ገንዘብ ተሰጥቶት ነገሩ ይዳፈናል። የወር ደመወዟን የተካደች የቤት ሠራተኛ ጉዳይዋ የሥራ ክርክር ይባላል። እሷ ግን የአሠሪዋን ቀለበት ብትወስድ ማታውን ጣቢያ ነች። ሁለቱም ንብረት መውሰድ ነው። አንዱ ፖሊስ ይጠራል፤ ሌላው ክስ መሥርቺ ይባላል። አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ኤድዊን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1939 ለአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ማኅበር ባደረጉት ንግግር የኮት ለባሾች ወንጀል ስለማይቆጠር የወንጀል ጥናቱ ሁሉ ተዛብቷል ብለው ነበር። ስማቸውን ለፈተና አጥንቻለሁ። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ከስማቸው ጋር እንደሚገናኝ የገባኝ ግን ጥብቅና ከጀመርኩ በኋላ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ እውነትነትም አለው። "አንተ ለሌባው ታዝናለህ፤ ስልኳን የተነጠቀችውስ?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። የተነጠቀችው ብዙ ጊዜ እንደ ልጁ ድሃ ናት። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ስልኳ ሲወሰድ የዕቁብ ሰብሳቢዋም፣ የደንበኞቿም ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ሌላ ለመግዛት ወራት ይፈጅባታል። እንግሊዞቹ ሒሳዊ ተመራማሪዎችም ይህን ዘግይተው አይተውታል። ጆክ ያንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በለንደኑ ኢዝሊንግተን ነዋሪውን ቤት ለቤት ጠየቁ። ድሃው ሰፈር በወንጀል በጣም እንደሚጎዳ፣ ፖሊስም በሚገባ እንደማያገለግለው አገኙ። ከዚያ ወዲህ የወንጀልን ጉዳት አቃልሎ ማየት ለድሃው መቆርቆር እንዳልሆነ አጥብቀው ተከራከሩ። እኛም ቂርቆስና አዲሱ ሚካኤል ሄደን ማን ምን እንደተሰረቀ፣ ለፖሊስ አመልክቶ እንደሆነ፣ ምን እንደተባለ እንጠይቅ። እሷ "ብናገርስ ምን ያደርጉልኛል?" ብላ የተወችው ስርቆት በየትኛውም ሪፖርት የለም።

ስለ ፍረጃ ትንሽ ልበል። ሃዋርድ ቤከር የተባለው አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1963 ወንጀለኝነት ሌሎች ሰዎች የሚለጥፉት ስም እንደሆነ ጻፈ። ለእኛ ይህን ለማስረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራውን፣ ሸክላ ሠርታ ድስት የምታቀርበውን "ቡዳ" ብሎ የፈረጀ አገር ነው ያለን። ከብት ሲታመም፣ ሕፃን ሲከሳ ተጠርጣሪው አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ማስረጃ አያስፈልግም፤ ሙያው ራሱ ማስረጃ ነው። መሬት አልነበረውም፣ ጋብቻ አይፈቀድለትም፣ መኖሪያው ከመንደሩ ዳር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ወጣ፤ ፍረጃው ግን ከሰው ልብ በአዋጅ አልወጣም። ይህ በክሪሚኖሎጂ ክፍል ውስጥ ለምን የለም? ዛሬም "የሌባ ሰፈር" የምንላቸው አሉ። እዚያ የተወለደ ልጅ አድራሻውን ሲናገር የጣቢያው መርማሪ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ።

ይህ ፍረጃ በሰው አገር ሲደርስብን ደግሞ ቶሎ ይገባናል። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር ወንድማቸው በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ አይተው ቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር ያቋቋመው ኮሚቴ በመንግሥት ተቋማት ውስጥ ዘረኝነት መኖሩን አምኖ ሪፖርት አወጣ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ግን የፖሊሱ አዛዥ ሮኒ አልሼይክ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ይበልጥ መጠርጠራቸው ተፈጥሯዊ ነው አሉ። ምን ጠቅሰው? ጥናት። በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ስደተኞች በወንጀል ይበልጥ እንደሚሳተፉ አረጋግጠዋል ብለው። የሚናገሩት እዚያው ስለተወለዱ ልጆች ጭምር ነበር። በ2011 ክረምት አንድ የቤተ እስራኤል ወጣት ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ፤ መንገዶች ተዘጉ፣ አገር ተቃጠለ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ያ አዛዥ በእጁ የያዘው የእናንተን ሙያ ነው። ጥናት ጠቅሶ ነው የጠረጠረን። ፖሊስ ማንን እንደሚያስቆም ሳይመረመር የተሰበሰበ ቁጥር ተመልሶ ፖሊስ ማንን ማስቆም እንዳለበት ማስረጃ ይሆናል። የእኛን ልጆች በዚያ ሲጎዳ የተቃወምነውን ስሌት፣ እዚህ ከገጠር በመጣው ልጅ ላይ አንድገመው።

ይህን ማስተማር ዋጋ እንደሚያስከፍልም አውቃለሁ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የክሪሚኖሎጂ ትምህርት ቤት ነበር። መሠረቱን የጣሉት የከተማው ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ኦገስት ቮልመር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መምህራኑና ተማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ፖሊስ ጭካኔ፣ ወደ እስር ቤትና ወደ ሴቶች መደፈር አዞሩ። ከመምህራኑ አንዱ ፖል ታካጊ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓናዊ ዘር በመሆናቸው ብቻ በወጣትነታቸው ማንዛናር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት ካምፕ የታጎሩ፣ ኋላም የአመክሮ ሠራተኛ የነበሩ ሰው። የሞት መዝገብ ቆጥረው ጥቁር ወንዶች በፖሊስ የሚገደሉበት መጠን ከነጮቹ ዘጠኝ አሥር እጥፍ እንደሆነ በ1974 ጻፉ። ቶኒ ፕላት የተባሉት ባልደረባቸው ቋሚ ቅጥር ተከለከሉ። በ1976 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ተማሪው ሰልፍ ወጣ፣ አልተሳካም። በ1974 የጀመሩት የጥናት መጽሔት ግን ቤት አልባ ሆኖም ቀጠለ።

የእኛም አለ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን ተባረሩ። ብዙዎቻችሁ የእነሱ ተማሪዎች ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ያን ቀን ግቢ ውስጥ ነበራችሁ። ከዚያ ወዲህ ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግን፣ እስር ቤትን የሚነካ ርዕስ ሲነሳ "ተወው፣ ሌላ ፈልግ" የሚል ምክር ለተማሪ መስጠት የተለመደ ነው። ለእኔም ተሰጥቶኛል። አማካሪዬ ክፋት አልነበረባቸውም፤ ስለ እኔ ፈርተው ነው። ፍርሃቱን አልንቀውም። ነገር ግን ሁሉም ሲፈራ የሚጎዳው ያ ልጅ ነው። አንድ መምህር ብቻውን ቢጽፍ ይመታል። አሥር ትምህርት ክፍሎች በአንድ ላይ፣ በአንድ ዘዴ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ችሎቶችን ቢያጠኑ ግን ማን ላይ ጣት ይቀሰራል? ስለዚህ በጋራ ሥሩት ነው የምላችሁ።

መነሻም አላችሁ። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ተማሪዎቻችሁ በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ይዘው ለአቅመ ደካማ ማመልከቻ ይጽፋሉ። በእነዚያ ማዕከላት መሳቢያ ውስጥ ያለው ወረቀት በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የለም። የባለጉዳዮቹን ስም ሰርዛችሁ አጥኑት። ዋስትና ተፈቅዶለት መክፈል ያልቻለው ስንት ነው? ያለ ጠበቃ ያመነው ስንት ነው? ለቅጣት ማቅለያ ምን ቀረበ፣ ምን ተቀባይነት አገኘ? ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ቅጽና ጊዜ፣ ከፍርድ ቤቱም ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው። ፈቃዱን አንድ ተማሪ ሲጠይቅ ይንገላታል፤ ዲን በደብዳቤ ሲጠይቅ ሌላ ነው።

ተማሪዎችን እስር ቤት ውሰዷቸው። ድሮ ዓለም በቃኝ ከተማው መሃል ነበር፤ መንገደኛው በአጥሩ ሥር ያልፍ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፤ እስረኛው ወደ ቃሊቲና ቂሊንጦ ራቀ። አንድም እስረኛ ሳያናግር ለዳኝነት የሚመረቅ ተማሪ መኖር የለበትም። ጉብኝት ብቻ ደግሞ አይበቃም። ተሰልፎ ግቢ ዞሮ መመለስ እስረኛውን ማሳፈር ነው። ከእነሱ ጋር ተቀምጦ መማር ይቻላል፤ ውስጥ ዲግሪ ያላቸውም፣ መማር የሚናፍቁም አሉ።

በቋንቋ ጉዳይም ልለምናችሁ። ዶክተር አንዳርጋቸው ተስፋዬ ስለ ወንጀልና ስለ እርምቱ ለዓመታት ደክመው የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ጊዜው ያንን ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛው ፍርዱን በአማርኛ ይጽፋል፣ መርማሪው ቃሉን በአማርኛ ይቀበላል፣ የሚታሰረውም የሚገባው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ ነው። ጥናቱ ብቻ እንግሊዝኛ ሆኖ ለማን ነው? ለመምህሩ የደረጃ ዕድገት ይቆጠርለታል። አሳታሚ ኮሚቴዎቻችሁ በአገር ቋንቋ የተጻፈ ጥናትንም በእኩል ይቁጠሩለት። ይህን ለማድረግ ከሴኔት ስብሰባ በላይ አያስፈልግም።

በመጨረሻ ከራሴ በኩል ያለውን ልናገር። ክፍላችሁ መጥቼ የችሎት ውሎዬን ለተማሪ ለማካፈል ዝግጁ ነኝ፤ ክፍያ አልጠይቅም። የሥራ ባልደረቦቼንም አነጋግሬያለሁ፤ ብዙዎች ፈቃደኞች ናቸው። ደንበኞቻችን ከፈቀዱና ስማቸው ከተሰረዘ የተዘጉ መዝገቦቻችንን ለጥናት እንሰጣለን። ተከላካይ ጠበቆችም ብትጠይቋቸው የሚነግሯችሁ ብዙ አለ፤ እስካሁን የጠየቃቸው የለም። ፍርድ ቤቶች ለክረምት ዕረፍት ከመዘጋታቸው በፊት ሁለት ሦስት ትምህርት ክፍሎች እንኳ ተስማምተው የጋራ ቅጽ ቢያዘጋጁ፣ በጥቅምት ችሎት ሲከፈት ተማሪዎቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መመዝገብ ይችላሉ። ችሎቱ ግልጽ ችሎት ነው። በሩ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ
አዲስ አበባ